አረንጓዴው ሳይቃና ቀዩን አይንኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጠው ስለ ባለ ሦስት ቲዩብ ፕሮጀክተር፣ ማለትም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስሎችን ከሦስት ቲዩቦች ስክሪን ላይ ስለሚያጋጥመው መሣሪያ፣ ለመጡልን ጥያቄዎች ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ መውጣት ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጨለማን ጨለማ አድርጎ ስለሚያሳይ ግን ያላቸው ሰዎች ሊጥሉት አይፈልጉም፤ ያገለገለውን ፈልገው የሚገዙም አሉ። ጥያቄዎቹን ስናነብ አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ሰው ሪሞቱን ቶሎ ያነሳል፤ ሜትሩንና ውሃ ልኩን ግን ይረሳል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ማርኪ 8500 ገዝቼ ከቤቱ ምድር ክፍል ጣሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ስክሪኑ 240 በ180 ሳ.ሜ. ነው። መሐል ላይ ሦስቱ ቀለሞች ይገጥማሉ። ወደ ጠርዝ ሲኬድ ግን ቀዩና ሰማያዊው ይበታተናሉ። ቀዩን በሪሞት ስገፋው ስገፋው ማስተካከያው ጥግ ደርሶ ቆመ። ቲዩቡ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ቲዩቡ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ማስተካከያው ጥግ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በብሎን መቃናት የነበረበት ነገር በሪሞት እንዲቃና ሲታዘዝ ነው። ቀለሞቹን የሚያጋጥመው ክፍል፣ የኮንቨርጀንስ ማጉያው፣ አቅሙ የተወሰነ ነው። ግማሹን አቅም የመሣሪያውን ጠማማ አቀማመጥ ለማካካስ ከጨረሰው ለጠርዙ የሚተርፈው የለም። ስለዚህ አሁን ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የቀይና የሰማያዊ ማስተካከያዎችን ወደ መካከለኛ ቦታቸው ይመልሱ፤ ከስክሪኑም ይጀምሩ።

የእርስዎ ስክሪን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ልክ 300 ሳ.ሜ. መምጣት አለበት። አንዱ 302፣ ሌላው 298 ከሆነ ፍሬሙ ተዛብቷል፤ በተዛባ ፍሬም ላይ ምስል ማቃናት ልፋት ብቻ ነው። (ሰፊው 16 በ9 ስክሪን ላላቸው፦ 240 በ135 ከሆነ ሰያፉ 275.4 ሳ.ሜ. ነው።) ከዚያ የስክሪኑን መሐል በአግድምም በቁምም በቀጭን ጥቁር ሲባጎ ይወጥሩ። ሲባጎው ጨርቁን ሊነካ የተቃረበ ይሁን፤ ከራቀ ጥላው መስመር መስሎ ያሳስታል።

ቀጥሎ የመሣሪያው ቦታ። ከስክሪኑ የሚርቀው እንደ ሌንሱ ዓይነት ነው። ለ4 በ3 ስክሪን ብዙ ጊዜ ከስፋቱ 1.2 እስከ 1.5 እጥፍ መካከል ይወድቃል፤ ትክክለኛውን ልክ ግን ከመመሪያው ሠንጠረዥ እንጂ ከግምት አይውሰዱ። የሚለኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመሐለኛው፣ ማለትም ከአረንጓዴው ሌንስ መሐል እስከ ስክሪኑ ሁለት የላይ ማዕዘኖች ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ ከ1 ሳ.ሜ. በላይ ልዩነት ካለ መሣሪያው ወደ ጎን ሸሽቷል። ሁለተኛ፣ ከመሣሪያው ፊት የግራና የቀኝ ጠርዝ እስከ ስክሪኑ ግድግዳ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ ካልሆነ መሣሪያው ዞሯል። ሁለቱ የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው ይችላል። ሦስተኛ፣ ውሃ ልኩን ከግራ ወደ ቀኝ ያስቀምጡና አረፋው መሐል ይግባ። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ዘንበል ግን መመሪያው ከሰጠው ማዕዘን ጋር ያስተያዩ፤ ለብዙ ሞዴሎች ያ ማዕዘን ዜሮ አይደለም። ባለ 8 ኢንች መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሞክሩ።

አሁን ያብሩት፤ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓትም ተንቀሳቃሽ ምስል እያሳየ ይሙቅ። በቀዝቃዛ መሣሪያ ላይ የተሠራ ሥራ ሲሞቅ ይፈርሳል።

ቀጣዩ እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለውና ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ራስተሩን በቲዩቡ ፊት ላይ መሐል ማስገባት። ራስተር ማለት ጨረሩ ፎስፈሩ (የቲዩቡን ፊት ከውስጥ የሸፈነው የሚያበራ ንጣፍ) ላይ የሚስለው ባለ አራት ማዕዘን ብርሃን ነው። ኮንትራስቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉ፤ ብራይትነሱን ራስተሩ ግራጫ ሆኖ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ብቻ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በሌንሱ ውስጥ ወደ ቲዩቡ ይመልከቱ። በሙሉ ብርሃን ላይ እያለ ወደ ሌንስ ማየት ዓይን ይጎዳል። ብርሃኑ ከፎስፈሩ የግራና የቀኝ፣ የላይና የታች ጠርዝ እኩል መራቅ አለበት። ካልሆነ ሺፍት በሚባለው ማስተካከያ ያንቀሳቅሱት። ለሦስቱም ቲዩቦች በየተራ እንዲህ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ምስሉ ስክሪኑ ላይ የት እንደወደቀ አይጨነቁ። ራስተሩ ከፎስፈሩ ጠርዝ አልፎ የቲዩቡን መስተዋት ጎን እንዳይመታ ግን ይጠንቀቁ።

ከዚያ የቀዩና የሰማያዊው ቲዩብ አቅጣጫ። መሐል ላይ መስቀል ያለበትን የሙከራ ምስል ያውጡ። የቀዩና የሰማያዊው ቁም መስመር ከአረንጓዴው 1 ወይም 2 ሳ.ሜ. ውስጥ ካረፈ ይበቃል፤ ቀሪው የሪሞቱ ድርሻ ነው። 10 ሳ.ሜ. ከራቀ ግን የቲዩቡን ማቀፊያ የያዙት ብሎኖች ላልተው ቲዩቡ ራሱ በትንሹ መዞር አለበት። አንዳንድ መሣሪያዎች ለስክሪን መጠን ምልክት የተደረገባቸው ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ከእርስዎ ስክሪን ጋር የሚስማማውን ይምረጡ። ብሎን በሚነኩበት ጊዜ ሁሉ መሣሪያውን ያጥፉ፤ ሶኬቱንም ይንቀሉ። በውስጡ ከ30 ሺህ ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል አለ፤ ከጠፋም በኋላ ወዲያው አይለቅም። ወደ ቲዩቡ ከፍተኛ ቮልት የሚያስገባውን ቀይ ሽቦና የጎማ ባርኔጣውን፣ የአንገቱንም አካባቢ መንካት ሥራው ላልሆነ ሰው አንመክርም።

ከዚህ በኋላ ምስሉ ጥርት እንዲል ሌንሱን ያስተካክሉ። በብዙዎቹ ሌንሶች ላይ ባለ ክንፍ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ መሐሉን፣ ሌላው ማዕዘኖቹን ያጠራል። እየተመላለሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሥሩ፤ አንዱ ሌላውን ያናጋዋልና። ግራው ጠርዝ ጠርቶ ቀኙ ከደበዘዘ ግን ክንፉን ማዞር አይፈታውም፤ ሌንሱ ከቲዩቡ ፊት ጋር ያለው ማዕዘን ነው የተሳሳተው፤ የሌንሱ ማቀፊያ በአንዱ ጎን በትንሹ መሳብ አለበት። ይህን ከጂኦሜትሪ፣ ማለትም የምስሉን ቅርጽ ከማቃናት በፊት ያስቀደምነው ሌንስ ሲጠራ የምስሉ መጠን ስለሚለወጥ ነው።

አሁን ቀዩንና ሰማያዊውን ያጥፉና አረንጓዴውን ብቻ ያቃኑ። ቅደም ተከተሉን ለፍራንክፈርቱ ጠያቂ ከታች ጽፈናል። አረንጓዴው ከሲባጎውና ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ሙሉ በሙሉ ሳይስማማ ቀዩን ማብራት የለብዎትም። የቀረው ሁሉ አረንጓዴውን የሚከተል ስለሆነ፣ በኋላ አረንጓዴውን ቢነኩ ሁለቱን እንደገና መሥራት ይመጣል።

ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ብቻ ያብሩ። ሁለቱ ሲገጥሙ መስመሩ ቢጫ ይሆናል። መሐሉን ይግጠሙ፤ ከዚያ ዘንበል፣ ጉብጠት፣ የካሬ እኩልነት፣ መጠን፣ ኪስቶን (ምስሉ በአንድ በኩል መስፋቱ ወይም መርዘሙ)፣ ፒንኩሽን (የጠርዞቹ መጉበጥ)። ቀጥሎ ቀዩን አጥፍተው ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር፤ ሲገጥሙ መስመሩ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። በየስክሪኑ ክፍል ለብቻ የሚሠራው የዞን ማስተካከያ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፦ ከመሐል ይነሱ፣ ወደ ጠርዞቹ መሐል ይሂዱ፣ ማዕዘኖቹን በመጨረሻ። አንድ ዞን ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ እንዲገፋ ከጠየቀዎት አይግፉት፤ ከዚህ የቀደመው እርምጃ አልተጠናቀቀም ማለት ነው።

በሠሩት ሥራ ላይ ፍርድ የሚሰጡበት አንድ ጥሩ መንገድ አለ። የግራው ቲዩብ ወደ መሐል ሰያፍ ስለሚያይ የስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ለእሱ ይርቃል፤ ስለዚህ ምስሉ በቀኝ በኩል ይረዝማል፣ ካሬዎቹም ይለጠጣሉ። የቀኙ ቲዩብ ተቃራኒውን ያደርጋል። እንግዲህ የቀዩና የሰማያዊው ኪስቶንና የካሬ እኩልነት ቁጥሮች ከመካከለኛው ቦታ በተቃራኒ አቅጣጫ ተቀራራቢ ርቀት ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ብዙ ርቆ ሌላው ከመሐል ካልተነሳ፣ የአንዱ ራስተር መሐል አልገባም፤ ወይም ቲዩቡ በትክክል አልዞረም፤ ወይም መሣሪያው ራሱ ዞሮ ተሰቅሏል። እርስዎ የላኩልን ችግር ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ እንደሆነ እንገምታለን።

ጥያቄ፦ ምስሉ በስክሪኑ ላይ 10 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ግራ ሸሽቷል። በሺፍት መለስኩት። አሁን ግን የግራው ጠርዝ ደብዝዟል፤ በሌንሱ ውስጥ ሲታይም ብርሃኑ ቲዩቡ ጥግ ላይ ነው። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሺፍት ራስተሩን ከነምስሉ በቲዩቡ ላይ ያንቀሳቅሳል። ምስሉን በራስተሩ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ፌዝ ነው። የእርስዎ ችግር የፌዝ ነበር። ሺፍቱን ራስተሩ ቲዩቡ መሐል እስኪገባ ይመልሱት፤ ከዚያ ፌዙን ምስሉ በራስተሩ መሐል እስኪሆን ያስኬዱ። ለማየት እንዲቀልዎ ብራይትነሱን ጥቂት ከፍ ቢያደርጉት በምስሉ ዙሪያ ያለው ግራጫ ጠርዝ ይወጣል። ከዚህ በኋላም ምስሉ ከስክሪኑ ውጭ ከወደቀ የሚንቀሳቀሰው መሣሪያው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ምስሉን በጥቁር ክፈፍ የሚቆርጠው ብላንኪንግ ከሁሉም መጨረሻ የሚነካ ነው። ከፊት ከተነካ ያልተቃናውን ጠርዝ ስለሚደብቅ ጂኦሜትሪው የተስተካከለ ይመስላል። ከሌላ ሰው የተገዛ መሣሪያ ላይ ሥራ ሲጀመር ብላንኪንጉን በአራቱም ጎን መክፈት መልካም ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ሶኒ ቪ.ፒ.ኤች. ጂ70 አለኝ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል፤ ጎኖቹን ሳቃና መጠኑ ይቀየራል፤ መጠኑን ስመልስ ካሬዎቹ እኩል አይሆኑም። የትኛው ይቀድማል? ደግሞ አግድሙ መስመር ዘንበል ሲል ሜኑው ውስጥ ላስተካክል ወይስ ዮኩን ላዙር? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንነሳ፤ መልሱ የመጀመሪያውን ይወስናልና። የሙከራ ፍርግርጉን ያውጡና ሁለቱን ሲባጎዎች አብረው ይመልከቱ። አግድሙም ቁሙም መስመር በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ ከዞሩ ራስተሩ በሙሉ ዞሯል። ሦስቱም ቀለሞች እንዲህ ከሆኑ የዞረው የመሣሪያው አካል ነው፤ ውሃ ልኩን ይመልሱ። አንዱ ቀለም ብቻ ከሆነ የዚያ ቲዩብ ዮክ፣ ማለትም አንገቱን የከበበው የሽቦ ጥቅል፣ ዞሯል። አግድሙ ብቻ ዘንብሎ ቁሙ ከሲባጎው ጋር ከገጠመ ግን የዮክ ጉዳይ አይደለም፤ በሜኑው ስኪው በሚባለው ይቃናል። ብዙ ሰው በስኪው ዮክን ለማረም ይሞክርና አግድሙ ሲቃና ቁሙ ዘንብሎ ይቀራል። ዮክ ማዞር ጥብቅ ማያያዣውን አላልቶ በሚሊሜትር የሚሠራ፣ አጠገቡም ከፍተኛ ቮልት ያለበት ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተውት።

ስለ ቅደም ተከተሉ። መሐለኞቹ ሁለት መስመሮች የሁሉም ምሰሶ ናቸው። መጀመሪያ መሐለኛው አግድም ይቃና (ስኪው)፤ ከዚያ ጉብጠቱ ይውጣ (ቦው)። መሐለኛው ቁምም እንዲሁ። እነዚህ ሁለቱ ሲባጎው ላይ ሳይተኙ ወደ ጠርዝ አይሂዱ። አሁን የካሬ እኩልነት፦ 16 በ12 ካሬ ያለው ፍርግርግ በ240 በ180 ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ካሬ 15 ሳ.ሜ. ይሆናል፤ ግማሹ 120። ከመሐል ወደ ግራ ያሉት ስምንት ካሬዎች 122፣ ወደ ቀኝ ያሉት 118 ከሆኑ የሚነካው ሊኒያሪቲ ነው እንጂ መጠን አይደለም። ግራና ቀኝ እኩል ከሆኑ በኋላ ድምሩ 236 ቢሆን፣ ያኔ መጠኑን ያሳድጉ። ለቁሙም ላይና ታቹን እንዲሁ።

ቀጥሎ ኪስቶን። ከጣሪያ ወደ ታች የሚያይ መሣሪያ የስክሪኑ ታች ስለሚርቅበት ምስሉ ወደ ታች ይሰፋል። ትንሽ ከሆነ ኪስቶኑ ይመልሰዋል፤ ለማቃናት የማስተካከያውን ሦስት አራተኛ ከፈለገ ግን መሣሪያው ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል ወይም ዘንብሏል። መጨረሻ ላይ ፒንኩሽን፦ የግራና የቀኝ ጠርዝ፣ የላይና የታች ጠርዝ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጉበጥ። ፒንኩሽን ሲነካ ማዕዘኖቹ ወጥተው ጎኖቹ ስለሚገቡ መጠኑ የተለወጠ ይመስላል፤ በተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ከፒንኩሽን በኋላ ወደ መጠን አንድ ጊዜ ይመለሱ፤ ከዚያም ወደ ፒንኩሽን። ሁለት ዙር ይበቃል። አራት አምስት ዙር የሚያስኬድ ከሆነ ከፊት የተዘለለ ነገር አለ።

ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። ታችኛው ጠርዝ አጠገብ ወለል፣ ላይኛው አጠገብ ጣሪያ ስላለ፣ ጣሪያው ራሱ ጠማማ ከሆነ ቀጥ ያለው መስመር የጎበጠ ይመስላል። ሲባጎውን ከስክሪኑ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ወጥረው ይመልከቱ። ደግሞም የፍርግርጉ ምስል እንዳለ ሆኖ ምሳ መብላት የለም፤ በከፍተኛ ኮንትራስት የቆየ ቋሚ መስመር ፎስፈሩን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ደግሞ አይወጣም። ኮንትራስቱን ከግማሽ በታች አድርገው ይሥሩ፤ ሲያርፉ ተንቀሳቃሽ ምስል ያሳዩ ወይም ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ያለ ወንድሜ እቤቱ አስተካክሎ ይጠቀምበት የነበረውን ባለ ሦስት ቲዩብ ፕሮጀክተር ላከልኝ። አዲስ አበባ ላይ ስከፍተው ቀለሞቹ አይገጥሙም፤ ምስሉም ያለማቋረጥ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። ስታብላይዘር ተጠቅሜያለሁ። አንዳንዴም ከውስጥ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰማል። (ከቦሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ላይ መጥተው ነው የሚያስፈሩት።

ከሁሉ በፊት የመሣሪያውን ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሳህን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም በሳህኑ ላይ ከተጻፈው ዋት በእጅጉ ከፍ ያለ ይሁን።

ርግብግቡ ከስታብላይዘሩ ወይም ከትራንስፎርመሩ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስታብላይዘር ውስጥ ያለው ትልቅ ጥቅል ሽቦ በዙሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ይረጫል፤ በእኛ አገር መብራት ይህ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። መሣሪያው በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ምስል እያሳየ ከሆነ የሁለቱ ልዩነት 10 ነውና ምስሉ በሰከንድ 10 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። አሜሪካ ውስጥ መብራቱም 60 ስለሆነ ያው ትራንስፎርመር ቢኖርም መንቀጥቀጡ አይታይም፤ ምስሉ በትንሹ ጠምሞ ቆሞ ይቀራል እንጂ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስታብላይዘሩን ከመሣሪያው 2 ሜትር ያህል ያርቁ። ካልቆመ ምስሉን የሚልከውን ዕቃ ወደ 50 ኸርዝ ይቀይሩ። ትልቅ ስፒከርም ከቲዩቦቹ አጠገብ አይቀመጥ።

ቀለሞቹ ያልገጠሙት በከፊል በመንገድ መናወጥ ነው፤ ብሎኖች ይላላሉ፣ ሌንስ ይነቃነቃል። ከፊሉ ግን የመሬት መግነጢስ ሥራ ነው። ጨረሩ በመሬት መግነጢስ ይታጠፋል፤ ቲዩቡ ላይ ሚሊሜትር የማይሞላው መሸሽ ስክሪኑ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይታያል። በዋሽንግተን አካባቢ የመግነጢሱ ዋና ክፍል ወደ ምድር ውስጥ የሚያዘነብል ስለሆነ ጨረሩን ወደ ጎን ይገፋል። አዲስ አበባ ግን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በጣም ቅርብ ናት፤ እዚህ መግነጢሱ ከሞላ ጎደል ተኝቶ ከደቡብ ወደ ሰሜን ያያል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ራስተሩ በትንሹ ይዞራል፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል። እያንዳንዱ ቲዩብ አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ በድሮው ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው የቀለም ነጠብጣብ አይወጣም፤ መስመሮቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። የወንድምዎን ቁጥሮች ጽፈው ያስቀምጡ፤ እንዲሠሩልዎ ግን አይጠብቁ። ክፍሉንና አቅጣጫውን መጀመሪያ ይወስኑ፤ ከተስተካከለ በኋላ መሣሪያውን ወደ ሌላ ግድግዳ ማዞር ሥራውን እንደገና ያስጀምራል።

ድምፁን ቸል አይበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስስ አየር ከፍተኛ ቮልትን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ በቲዩቡ ባርኔጣ ዙሪያ አቧራ ከተጠራቀመ ብልጭታው መንገድ ያገኛል። "ጠቅ" በሚልበት ቅጽበት ምስሉም ከተንቀሳቀሰ ምክንያቱ ይህ ነው። አጥፍተው ለከፍተኛ ቮልት ልምድ ላለው ቴክኒሻን ይስጡት፤ ውስጡ የቀረውን የኤሌክትሪክ ኃይል አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ የጎማ ባርኔጣውን ይመርምር። ስስ አየር የማቀዝቀዝም አቅሙ ዝቅ ያለ ነው፤ ማራገቢያዎቹንና የአየር ማጣሪያውን በዚያው አጋጣሚ ያስጸዱ።

ጥያቄ፦ በዲቪዲ ማጫወቻ አስተካክዬ ጨርሼ ወደ ሳተላይት ሪሲቨር ስቀይር ጂኦሜትሪው ሁሉ ይፈርሳል። (ከዱባይ)

መልስ፦ አልፈረሰም፤ ሌላ ሜሞሪ ነው የተከፈተው። መሣሪያው ለእያንዳንዱ የመስመር ፍጥነት (ጨረሩ በሰከንድ ለሚስለው የመስመር ብዛት) የራሱን ቁጥሮች ያስቀምጣል። 480ፒ የሚባለው የምስል ዓይነት በ31.5 ኪሎኸርዝ ይሮጣል፣ 576ፒ በ31.25፣ 720ፒ በ60 ኸርዝ 45፣ በ50 ኸርዝ 37.5፤ 1080አይ በ60 ኸርዝ 33.75፣ በ50 ኸርዝ 28.125። ጨረሩ በተለያየ ፍጥነት ሲሮጥ የሚጎብጥበትም ልክ ስለሚለያይ አንዱ ሜሞሪ ለሌላው አያገለግልም።

ለእያንዳንዱ እየደከሙ ማስተካከል ይቻላል። እኛ ግን አንመክርም። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቪዲዮ ማስተካከያ ሳጥን ወይም በኮምፒዩተር በኩል አስገብተው ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት እንዲወጣ ያድርጉ፤ ያንን አንዱን ሜሞሪ ግን በደንብ ይሥሩት። ሁለተኛ ሜሞሪ የሚያስፈልገው ከ50 እና ከ60 ኸርዝ የሚመጣ ምስል ሳይቀየር እንዲታይ ለሚፈልግ ሰው ነው። ያኔም የመጀመሪያውን ሜሞሪ ወደ ሁለተኛው ገልብጠው ከዚያ ይነሱ፤ ከባዶ ከመጀመር ይቀላል። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ሜሞሪውን የሚያቆየው ትንሽ ባትሪ ስለሆነ እሱ ሲሞት ቁጥሮቹ አብረው ይጠፋሉ፤ የስልክ ፎቶው ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሲከፈት ቀለሞቹ ይዛነፋሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳቸው ይገጥማሉ። ጉድለት ነው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አይደለም። ቲዩቡም ማጉያውም እስኪሞቁ ይሸሻሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላም መሸሹን ካላቆመ ግን የቆሸሸ ማራገቢያ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የደከመ ኃይል መስጫ ይፈለግ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ተስተካክሎ የቆየ ፕሮጀክተር ትናንት ምስል እያሳየ ሳለ ቀዩ በድንገት ሸሸ። አሁን የቀዩ ምስል ጎኖቹ ጎብጠው፣ በአንድ በኩል ተንጋዶ ይታያል። በሪሞት ብነካው አይንቀሳቀስም። እንደገና ማስተካከል ልጀምር? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ አይጀምሩ። በድንገት የመጣ መዛባት የማስተካከያ ጉዳይ አይደለም። የሚያዩት ቅርጽ ቀዩ ቲዩብ ያለ እርማት ሲቀር የሚኖረው የተፈጥሮ ቅርጹ ነው፤ ቀዩን የሚያርመው የኮንቨርጀንስ ማጉያ ቆሟል። ለሪሞቱ አለመታዘዙም ይህንኑ ያረጋግጣል። አሁን ቁልፎቹን ቢነካኩ ጤነኛዎቹን ቁጥሮች ብቻ ያጠፋሉ።

መሣሪያውን ያጥፉ፤ የተቃጠለ ማጉያ ሊግልና ሌላ ዕቃ ሊያበላሽ ይችላል። ቴክኒሻኑ በመጀመሪያ የማጉያውን ፊውዝና የሚገባለትን ቮልት፣ ቀጥሎ ከዮኩ የሚመጣውን ማገናኛ ብየዳ ይፈትሽ፤ ስንጥቅ ብየዳ ከተቃጠለ ማጉያ ባልተናነሰ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ማጉያው ተቀይሮ ከሆነ ከማቀዝቀዣ ብረቱ ጋር የሚያገናኘው የሙቀት ቅባት አዲስ መሆኑን ይጠይቁ፤ በአሮጌው ቅባት ላይ የተለጠፈ አዲስ ማጉያ ዕድሜ የለውም። ተጠግኖ ሲመለስ የቀድሞዎቹ የቀይ ቁጥሮች በአብዛኛው ይሠራሉ። አንድ ሰዓት አሙቀው የቀዩን መሐል ብቻ ከአረንጓዴው ጋር መልሰው ይግጠሙ፤ ከዚያ ጠርዞቹን ይዩ።